«ወራጅ አለ!» የማይሰማ ብስክሌተኛ

ድሬዳዋ ውስጥ ከባጃጅ ኋላ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ባጃጁ ሊቆም መሆኑን የሚያውቀው በፍሬን መብራት አይደለም። መብራቱ ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል፤ ቢሠራም በእኛ ከተማ የቀትር ፀሐይ ማን ያየዋል? ለእኔ የሚነግሩኝ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናት ናቸው። «ወራጅ አለ!» ይላሉ፤ እጄን ወደ ፍሬኑ እሰዳለሁ። ሾፌሩ ሰምቶ፣ የሚቆምበትን ዳር መርጦ፣ መሪውን ወደ ቀኝ እስኪሰብር ድረስ እኔ ፍጥነቴን ቀንሼ ጨርሻለሁ። ባጃጅ መዝጊያ የለውም፤ ውስጡ የሚወራው ሁሉ ውጭ ይሰማል። አንዳንዴ የተሳፋሪዎቹን ወሬ ከመሀሉ ሰምቼ፣ ባጃጁ ታጥፎብኝ፣ መጨረሻው እንዳማረኝ ቀርቻለሁ።

የእህቴ ልጅ ይህን አይሰማም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከሳቢያን ወደ ከዚራ፣ ከከዚራ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቀፊራ ሲመላለስ ሁለት ጆሮው በገመድ አልባ ኤርፎን የተወተፈ ነው። ሙዚቃ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ በቀጥታ እየተከታተለ ነው የሚነዳው። ጎል ሲገባ መሪውን ለቆ ሁለት እጁን ሲያነሳ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። እህቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ክርክራችን ይነሳል። «አቦ ጋሼ፣ ዓይን አለኝ እኮ!» ይለኛል። «ዓይንህ ያለው ግንባርህ ሥር ነው፤ ማጅራትህ ላይ አይደለም» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል፤ እህቴ «ቡናው ቀዘቀዘ» ብላ ሁለታችንንም ዝም ታሰኘናለች። እዚያ ያልጨረስነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ልጁ ሞኝ ስለሆነም አይደለም፤ ከሚያነሳቸው መከራከሪያዎች አንዳንዶቹ ልክ ናቸው፤ እነሱንም አልደብቃቸውም።

ከዚራን የሠሯት የምድር ባቡር ሰዎች ናቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ መንገዱን በማስመሪያ አሰመሩት፤ ዳርና ዳሩን ዛፍ ተከሉበት። እዚያ ዓይን ለብቻው ይበቃል ቢባል አልከራከርም። ከአንዱ ማዕዘን ሆነህ ሌላውን ታያለህ፤ የሚመጣው መኪና ገና ሩቅ ሳለ ይታወቃል፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ መንገዱ የአንተና የጠራጊዎቹ ብቻ ነው። ደቻቱን ስትሻገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጋላ ለዓይን ተብላ አልተሠራችም። መንገዱ ይጠባል፣ ይታጠፋል፣ የሱቁ ዕቃ አስፋልቱ ድረስ ይወጣል። ከጥጉ የሚወጣው ጋሪ ይሁን ፍየል ይሁን አይሱዙ የምታውቀው ገና ሳታየው ነው። የጋሪው ፈረስ ኮቴ አለው። ሸክም የሚገፋው ልጅ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላል። አንዱ ከኋላህ በሶማሊኛ «ዋርያ!» ብሎ ይጠራሃል፤ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ ይከተላል። የድሬ ሰው በስንት ቋንቋ መሰደብ እንደሚቻል የሚማረው ብስክሌት ሲነዳ ነው።

ክላክሱም እንግዳ ሰው እንደሚመስለው ቁጣ ብቻ አይደለም። አንዴ አጠር ተደርጎ ሲነፋ «አለሁ፣ ዳርህን ይዘህ ሂድ» ነው። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ከሆነ ወይ ሰላምታ ነው ወይ ምስጋና። ረጅሙ «ፍሬን የለኝም» ወይም «ትዕግሥት የለኝም» ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ቆሞ ማጣራት አያስፈልግም። ባጃጅ ነጂው «ሳቢያን! ሳቢያን!» እያለ ሲጣራ ደግሞ ሰው እየፈለገ ነው፤ እጁን ያነሳ ሰው ካየ ምልክት ሳያሳይ ይታጠፋል። ይህን የሚያስተምር የመንጃ ፈቃድ ትምህርት የለም። መብራትና ምልክት በሌለበት መጋጠሚያ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ የምንስማማው በዓይን ጥቅሻ ግማሹን፣ በድምፅ ግማሹን ነው። ተነጋግረን ነው የምንተላለፈው።

ከልጁ ጋር የማልስማማበት ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። ጆሮውን የደፈነ ሰው ራሱን ብቻ አደጋ ላይ የሚጥል ቢሆን ኖሮ የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ እተወው ነበር። (አልተወውም፣ የእህቴ ልጅ ነው፤ ግን ሰው ፊት እንዲያ እል ነበር።) እሱ ግን ከንግግሩ ወጥቷል። እሱ ያልሰማውን ክላክስ ሌላው በፍሬን ያካክስለታል። ሸክም የሚገፋው ልጅ ደጋግሞ ጠርቶት መልስ ሲያጣ ጋሪውን አቁሞ ያሳልፈዋል፤ የተጫነ ጋሪ ከቆመ በኋላ በዚያ ሙቀት እንደገና ማንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል ገፍቶ ያየ ያውቀዋል። ባለ ኤርፎኑ የጥንቃቄ ድርሻውን ለማያውቃቸው ሰዎች አስረክቦ ዘፈኑን ይሰማል። ለሸክሙ ልጅ ማን ከፈለው?

ዓይን ግራና ቀኙን ጨምሮ የሚያየው ግማሽ ክብ ያህል ነው፤ ከዚያም ውስጥ አጥርቶ የሚለየው መሀል ላይ ያለችውን ጥቂቷን ነው። ጆሮ ዙሪያውን ይሰማል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይነካል፤ ግራው ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። አእምሮ ግን በዚያች ልዩነትና በድምፁ ጥንካሬ ተነስቶ መኪናው በየትኛው ወገን እንዳለ ይነግርሃል፤ አንተ ሳታስበው። ስለዚህ «እሺ፣ አንዱን ብቻ አደርጋለሁ» የሚለው የልጁ ድርድር ግማሽ መልስ ነው። በአንድ ጆሮ ክላክሱን ትሰማለህ፤ በየት በኩል እንደመጣ ለማወቅ ግን አንገትህን ማዞር ይኖርብሃል። አንገትህን ስታዞር ደግሞ ከፊትህ ያለችው ፍየል ትቀድምሃለች።

እሱም ዝም አላለም። በኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡትን ጥናት ፈልጎ አግኝቶ በስልኩ አሳየኝ፤ ለመከራከር ሲሆን ያነባል። በሁለት ጆሯቸው ሙዚቃ የሚሰሙት ብስክሌተኞች የድምፅ ምልክቶች አምልጠዋቸዋል፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰሙት ግን ያን ያህል አልተቸገሩም። «አየህ!» አለኝ። አየሁ። ግን የኔዘርላንድ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጊዜ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ መንገድ አለው፤ ከኋላው የሚመጣው ሌላ ብስክሌት ነው። ከእኛ ኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋኝ የውጭን ድምፅ አጠፋለሁ የሚለው አዲሱ የኤርፎን ዓይነት ነው። አሠራሩ ያስደንቃል። ትንሽ ማይክሮፎን ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ይቀበልና ማዳመጫው የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይህ ብልሃት በደንብ የሚሠራው ወፍራም ሆኖ ሳይቋረጥ በሚመጣ ድምፅ ላይ ነው፤ በአውሮፕላን ሞተር፣ በጄኔሬተር፣ በከባድ መኪና ጉርምርምታ። ቀጭንና ድንገተኛ ድምፅን ያን ያህል አይችለውም። ሻጮቹ ይህን ለማጽናኛ ይናገሩታል፤ «ክላክስ እኮ ያሰማሃል» ይላሉ። እኔ የምሰጋው በዚሁ ነው። ሲኖትራክ ከሩቅ መኖሩን የሚነግረኝ ጉርምርምታው ነው፤ ክላክሱ የሚመጣው ሾፌሩ ሲጨነቅ ነው። ዕቃው ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝን አጥፍቶ ዘግይቶ የሚያስደነግጠኝን ያስቀርልኛል።

የደንገጎን አቀበት የወጣ ሰው ይህን በደንብ ይረዳኛል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በጠመዝማዛ እየዞረ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ያወጣሃል። ጎረምሶቹ በሳምንት መጨረሻ ብስክሌታቸውን እየገፉም እየነዱም ይወጡታል፤ ብልጦቹ በአይሱዙ አስጭነው ይወጡና ቁልቁሉን ብቻ ይነዱታል። ሽቅብ ስትወጣ ፍጥነትህ ትንሽ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይሰማሃል። ተሳቢው ከሁለት መታጠፊያ በታች ማርሽ ሲቀንስ ትሰማለህ፤ እስኪደርስብህ ድረስ የምትቆምበትን ዳር ለመምረጥ ጊዜ አለህ። ከላይ የሚመጣው የጫት መኪና ግን ጊዜ አይሰጥህም። ጫት ከጠወለገ ዋጋ የለውም፤ ከአወዳይ ተጭኖ ጅቡቲ የሚጠብቀው ገበያ አለ፤ ስለዚህ ሾፌሩ መታጠፊያውን የሚያልፈው ፍሬን ይዞ ሳይሆን ክላክስ ይዞ ነው። ያን ክላክስ ያልሰማ ሰው ከመታጠፊያው ማዶ ምን እንዳለ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። ለቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ተሳላሚ ሲጨናነቅ እንዴት እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

«ቁልቁለት ላይ ነፋሱ ራሱ ጆሮህን ይደፍነዋል፤ ታዲያ ኤርፎን ምን ጨመረ?» አለኝ ልጁ። ይህኛው ጥያቄ ጥሩ ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጆሮ አጠገብ የሚዞረው ነፋስ ድምፁ ያድጋል፤ ደንገጎን ቁልቁል ሲበር ያለ ኤርፎንም የሚሰማው ጥቂት ነው። ግን ነፋሱ ፍሬን ስትይዝ ይቀንሳል፤ ኤርፎኑ አይቀንስም። ይባስ ብሎ ዘፈኑ ከነፋሱ በላይ እንዲሰማው ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሰማ ችግር የለውም ይላል፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። በባጃጅና በነፋስ መሀል ዘፈን ለመስማት የሚታገል ሰው ወደ ሁለተኛው ቁጥር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስ እሱ ራሱ ያስላው፤ ሒሳብ የሚማረው እሱ ነው።

ደቻቱን በድልድዩ ሳይሆን በአሸዋው ማቋረጥ የሚወዱም አሉ፤ እሱም ከነሱ አንዱ ነው። በበጋ ማንም አይከለክለውም። በክረምት ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ እሱ ያኔ ሕፃን ነበር፣ እናቱ ግን ታስታውሳለች። በዚህ ጉዳይ እኔ አልከራከርም፤ እሷ ትጨርሰዋለች።

አሁን ወደሚያሸንፈኝ ነገር ልምጣ። «መስኮቱን ዘግቶ፣ ኤሲ ለቆ፣ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶ የሚነዳውን ባለ ላንድክሩዘር ማን ይናገረዋል?» ይላል። ማንም። እሱ ከእኔም ከልጁም ያነሰ ነው የሚሰማው፤ ቢገጨን የሚሰበረው ግን የእኛ አጥንት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ለመኪና ነጂም ለብስክሌት ነጂም ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ከልክላ 135 ዩሮ ቅጣት አድርጋበታለች፤ ብሪታንያ እንዲህ ያለ ክልከላ የላትም። የፈረንሳዩም ቢሆን የመኪናውን ድምፅ ማጉያ አልነካውም። ባለ መኪናው መኪናውን በሙዚቃ ሞልቶ ሲያልፍ ብስክሌተኛው በአንዲት ፍሬ ኤርፎን ይቀጣል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ልጁ ልክ ነው። ከባድ ብረት ያልያዘ ሰው የበለጠ መስማት ያለበት ፍትሐዊ ስለሆነ ሳይሆን ብረት ስለሌለው ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያው ከዚህ ይከብዳል። ቀፊራ አካባቢ ብስክሌት የሚጠግን መስማት የተሳነው ወዳጅ አለን፤ የልጁን ካቴናም ካላማዳሪያም የሚያስተካክልለት እሱ ነው። እኔ ከማውቀው ጊዜ ጀምሮ በዚያው ግርግር ውስጥ ብስክሌት ይነዳል። «እሱ ሳይሰማ ከነዳ፣ እኔስ?» እውነት ነው፣ ብስክሌት መንዳት የሚችለው የሚሰማ ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚፈርድ ቢኖር እኔም እቃወመዋለሁ። ግን አነዳዱን ተመልከት አልኩት። መሪው ላይ በግራ በኩል መስታወት አለ። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ አይቆምም። ጥግ ላይ ሲደርስ ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ከባጃጅ ኋላ ሲሆን ዓይኑ ተሳፋሪዎቹ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ «ወራጅ አለ» ከማለታቸው በፊት ዘንቢላቸውን ወደ ጭናቸው ሲሰበስቡ ያያል፤ ከእኔ ቀድሞ ፍሬን ይይዛል። ጆሮው የማይሰጠውን በዓይኑ ከፍሎ ገዝቶታል። አንተ ጆሮህን ዘግተህ ዓይንህን ምን ጨመርክለት? ኳስ ላይ ነው እኮ ያለኸው። ለዚህ መልስ አልሰጠኝም፤ ሁለተኛውን ሲኒ ጠየቀ።

እኔ ራሴ መልስ ያጣሁለት ነገርም አለ። አብራኝ የምትሠራ ወጣት ሴት በብስክሌት ትመጣለች፤ ሁልጊዜ ባለ ገመድ ኤርፎን ጆሮዋ ላይ ነው። አንድ ቀን እንደ ትልቅ ሰው ልመክራት ብዬ ስጀምር ገመዱን ከኪሷ አውጥታ አሳየችኝ፤ ጫፉ ምንም ነገር ላይ አልተሰካም። ሙዚቃ የለም። የምታደርገው ለከፋውን ያልሰማች ለመምሰል ነው። ሰምታ ዝም ካለች «ትኮራለች» ይሏታል፣ ከመለሰች ይብሳል፤ ኤርፎን ካየ ግን ለካፊው ይተዋታል። እሷ እያንዳንዱን ክላክስ፣ እያንዳንዱን «ወራጅ» ትሰማለች። እያንዳንዱን ስድብም። እኔ «መንገዱ ንግግር ነው» እያልኩ ስፈላሰፍ፣ ከዚያ ንግግር ውስጥ ለእሷ የሚደርሳት ምን ዓይነት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኤርፎን ያደረገች ሴት ብስክሌተኛ ሳይ አፌን እዘጋለሁ።

ሌላም እየመጣ ያለ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየጊዜው እየበዛ ነው። ከዚራ ውስጥ አንዱ ከኋላዬ ሲመጣ ያወቅኩት ጥላውን ሳይ ነው። እነዚህ መኪናዎች በፍጥነት ሲሄዱ የጎማቸው ድምፅ አስፋልት ላይ ይሰማል፤ በዝግታ ሲሄዱ ግን፣ ማለትም ልክ እንደ ቀፊራ ባለ ቦታ፣ ድምፅ አልባ ናቸው ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድዷል። ያ ድምፅ ያለውም የሌለውም መንገዳችን ላይ ሲቀላቀል ጆሮዬን ምን ያህል እንደማምነው እንጃ። እስካሁን ድምፁን ካልሰማሁ ነገሩ የለም ማለት ነበር፤ አሁን ድምፁን ባልሰማም ነገሩ ሊኖር ይችላል ማለት ሆኗል። ልጁ ይህን ሲሰማ በደስታ ተነስቶ ቆመ፤ ጎል የገባ መስሎኝ ነበር።

አሁን ያለንበት ስምምነት ይህ ነው። ከዚራ ውስጥ፣ በማለዳ፣ በአንድ ጆሮ ይፈቀዳል። ከደቻቱ ወዲያ ሁለቱም ወደ ኪስ። ደንገጎ ላይ ጨርሶ የለም። ኳስ ቆሞ ነው፤ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ብስክሌቱን አስደግፎ፣ ጎሉን እንደ ሰው ጨፍሮ ይነሳ። አጥንት ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት እንድገዛለት ደግሞ እየወተወተኝ ነው፤ የጆሮን ቀዳዳ ሳይዘጋ በጉንጭ አጥንት በኩል ንዝረቱን ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚልከውን። ከሌላው እንደሚሻል አምናለሁ፤ ግን ጆሮው ክፍት ሆኖ ሐሳቡ ማንቸስተር ከሆነ ምን ዋጋ አለው ብዬ እያመነታሁ ነው። ለጊዜው ከቀፊራው ወዳጃችን መስታወት ገዝቼለት አስገጥሟል። መስታወቱን ሲያጠብቅለት ወዳጃችን ወደ እኔ ብስክሌት በጣቱ እያመለከተ ሳቀ፤ ልጁም ገብቶት «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ሲመጣ አንተ ምን ልትሰማ ነው?» አለኝ። ለእኔም አንድ እንዲገጥምልኝ ነገርኩት፤ በግራ በኩል፣ ትልቁን።